ውሻ አስከትሎ ወደ ቤዛዊት

ባሕር ዳር ውስጥ አብዛኛው ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ዓለም የሚያውቀው በቆርቆሮ ቀዳዳ አጮልቆ ነው። እንዲህ ያደገ ውሻ አንድ ቀን ዳገት ውጣ ሲባል ያገኘው ሁሉ ላይ ቢጮህ አይፈረድበትም። ሰዉም ቢሸሸው አይፈረድበትም፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንዴት እንደሚገድል ያየ ወይም የሰማ ሰው በየመንደሩ አለ። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ከውሻ ጋር ተራራ መውጣትን ከባድ የሚያደርገው ዳገቱ አይደለም። ከባዱ ነገር መንገድ ላይ የሚገኘውን እረኛ፣ በግ፣ አህያና ገበያተኛ በሰላም ማለፍ ነው። ውሻችሁ ይህን ከቻለ ዳገቱን ራሱ ይወጣዋል።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሠፈር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ውሻዬ ዳማ ትባላለች፤ የአበሻ ውሻ ናት፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ወገቧ ቀጠን ያለ። የፈረንጅ ውሻ ካልሆነ ለእግር ጉዞ አይሆንም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። የእኛ ውሻ ጠጉሩ አጭር፣ ሰውነቱ ቀላል ስለሆነ ለዚህ አየር የተመቸ ነው። አፍንጫው የተደፈጠጠ ዝርያ ግን ትንፋሹ በቀላሉ ስለሚያጥረው ሙቀት ቶሎ ይጥለዋል፤ እሱን ይዛችሁ ዳገት አትውጡ።

ከሁሉ የሚቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በኪሳችሁ ያዙ። አንድ ገበሬ ደጁ ላይ አስቁሟችሁ ስለ ውሻችሁ ሲጠይቅ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከብዙ ቃል ይበልጣል። ውሻ ሰው ቢነክስ፣ የራሳችሁም ሆነ የሌላ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ የተነከሰውም ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው መዳኛ የለውም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተሰጠ ያድናል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ ይሂድ። የነከሰውን ውሻ በንዴት አትግደሉት፣ አትደብቁትም፤ ታስሮ 10 ቀን መታየት አለበት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። የአንገት ማሰሪያ ብቻውን ለዳገት አይበቃም። ውሻው ቁልቁለት ላይ ሲስብ ጉሮሮው ይታነቃል፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ደግሞ ጭንቅላቱን አሾልኮ ይወጣል። በደረት የሚታሰር ማሰሪያ ግን በቀላሉ ቤት ውስጥ ይሰፋል። የአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰፊ የናይሎን ማንገቻ ውሰዱ። አንዱን ዙር በአንገቱ ሥር፣ ሁለተኛውን ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ ለኩ። ሁለቱን በጀርባና በደረት በኩል በአጭር ቁራጭ አገናኙ። የሚጎተትበትን ቦታ ሁሉ በወፍራም ክር አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ስፉ፣ መሐሉንም በመስቀለኛ ስፌት ድገሙት፤ ቀጥ ያለ አንድ መስመር ስፌት ይተረተራል። የብረት ቀለበቱ በትከሻዎቹ መካከል፣ በጀርባው ላይ ይሁን። ስትጨርሱ በማሰሪያውና በገላው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ሦስት ከገባ ሰፍቷል። ብብቱ አካባቢ የሚነካው ጠርዝ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ደርቡበት፣ አለበለዚያ ይልጠዋል።

ገመዱ ሁለት ሜትር ገደማ ይሁን። የቃጫ ገመድ ውሻው ድንገት ሲስብ መዳፍ ይልጣል። ሰንሰለትም አልወድም። ሰንሰለት ያየ ሰው ውሻው ተናካሽ ነው ብሎ ገና ከሩቅ ድንጋይ ያነሣል።

የምንሄደው አብዛኛውን ጊዜ ዓባይን ተሻግረን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ነው። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ስለሚረዝም፣ የከባድ መኪና ድምፅ ያልለመደ ውሻ እዚያ ላይ ሊደነግጥ ይችላል። ገመዱን አሳጥሩና ውሻውን ከመኪናው በተቃራኒ በኩል አስኪዱት። ከቤት የምንወጣው ሰማዩ ከነጋ በኋላ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ጅቡ ገና አልገባም፤ ጉማሬም ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድርና ወደ ወንዙ የሚመለሰው ንጋት ላይ ነው። በጉማሬና በውሃው መካከል መገኘት ለሰውም ለውሻም ሞት ነው። የወንዙን ዳርና የሐይቁን ደንገል በሩቁ እለፉ። እዚያ ውሻ የሚያባርረው አርጃኖም አለ፤ ሲከበብ በጅራቱ ይጋረፋል፣ ይነክሳልም።

በግ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ። መንጋው ገና በሩቁ ሳለ ገመዱን እስከ ክንድ ርዝመት ሰብስቡ። ከመንገዱ በታች ባለው በኩል ወርዳችሁ ቁሙ፤ የፈራ በግ ሽቅብ መሮጥ ስለሚቀናው የላዩን በኩል ክፍት ተዉለት። ውሻውን ከጀርባችሁ አስቀምጡት፣ ቁራሽ ዳቦ በእጃችሁ ይዛችሁ ዓይኑ ከእጃችሁ እንዳይነሣ አድርጉ። እረኛውን ቀድማችሁ ሰላም በሉት። «እንደምን አደርክ የኔ ልጅ፤ በጎችህ እስኪያልፉ ቆመናል» ስለው ልጁ ዱላውን ያወርዳል። ቀጥሎ «ትናከሳለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «አትነካህም» ከማለት «ይዣታለሁ» ማለት ይሻላል፤ ገመዱን በዓይኑ ያየዋልና። ዳቦውን የምሰጣት የመጨረሻው በግ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ግን ተራራ ላይ ማስተማር አይቻልም። አስቀድሞ በሰፈር ውስጥ፣ የጎረቤት ዶሮ አጠገብ በየማታው ሊለመድ ይገባል።

ስኮትላንድ የምትኖር የእህቴ ልጅ ስለዚያ አገር አጫውታኛለች። እዚያ በ2003 በፈረንጆች አቆጣጠር በወጣ ሕግ የተሰጠ መብት ስላለ፣ ሰው በአብዛኛው መሬት ላይ ውሻውን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ውሻውን በአግባቡ እስከተቆጣጠረ ድረስ። በግ ያስነከሰ ሰው ግን፣ በ2021 በጠነከረው ሕግ እስከ 40,000 ፓውንድ ወይም እስከ 12 ወር እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ሊቀጣ ይችላል። በእኛ ሠፈር በግ ቢነከስ ነገሩ የሚያልቀው በሽማግሌና በካሣ ነው። ካሣው ቢከፈልም በዚያ መንገድ ተመልሶ ውሻ ይዞ ማለፍ ይከብዳል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውም ባለ ውሻ የእኔን ዕዳ ይከፍላል። ገመድ አትልቀቁ የምለው ለዚህ ነው።

የገበሬ ውሾች ግር ብለው ሲመጡባችሁ አትሩጡ። ቆማችሁ «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» ብላችሁ ተጣሩ። እስኪወጡላችሁ ድረስ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ብቻ ብዙ ጊዜ ያስመልሳቸዋል፤ መወርወር አያስፈልግም። ወንድ የፈለገች ሴት ውሻ ግን እስክትረጋጋ ከቤት አትውጣ፤ ያንን ሁሉ ወንድ ውሻ ጎንበስ ማለት አይመልሰውም።

ቅዳሜ ወደ ገበያ የሚገባው አህያና ዶሮ ያንጠለጠለ ሰው ብዙ ስለሆነ ሌላ ቀን ምረጡ። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ የሚመለሱ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች ያጋጥማሉ፤ ጭቃ መዳፍ ያለው ውሻ ዘሎ ቢነካቸው ያሳዝናል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ አይገባም፤ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ ጥላው ቢያምርም ከአጥሩ ውጪ ዕረፉ። የጣና ገዳማት ወዳሉበት ወደ ዘጌ ከሄዳችሁም ከወዳጅ ጋር ሂዱና ገዳም ለመሳለም በየተራ ግቡ። በየደጁ መሬት ላይ የተሰጣውን ቡናም ውሻው እንዳይረግጠው ተጠንቀቁ። ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ ላይ እንዳይወጣ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ደግሞ ጤፍና ዳጉሳ ውስጥ እንዳይገባ። የተረገጠ ጤፍ ይተኛል፣ የተኛ ጤፍ ደግሞ የሰው እንጀራ ነው።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ጠላታችሁ ነው። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ስለሆነ ገላውን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። በአጭር መንገድ ሁለት ሊትር ውሃና ጎድጓዳ ሳህን ያዙ፤ እስኪጠማው ሳትጠብቁ በየዕረፍቱ ጥቂት ጥቂት አጠጡት። ምራቁ ከወፈረ፣ ድዱ ደም ከመሰለ ወይም ከተንገዳገደ ጉዞው እዚያው ያብቃ። ጥላ ሥር አስተኝታችሁ ያላችሁን ውሃ ገላው ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ውሃ አትጨምሩ። ሲረጋጋም ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ከተራራው ብትወርዱ ግን እዚህ አትደርሱም፤ ጥቁሩ ድንጋይም መዳፉን ሳያቃጥለው ትመለሳላችሁ።

ቤዛዊት አናት ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ወደ አጥሩ አትጠጉ፣ ጥበቃዎቹን ሰላም ብላችሁ ካሜራችሁን ወደ ወንዙ አዙሩ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከዚያ ይታያል። ዳማ እዚያ ስትደርስ አፍንጫዋን ወደ ሐይቁ ነፋስ አንሥታ ትቆማለች፤ እኔም አላስቸኩላትም። ስንቋ ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነው። ሽንኩርት ያለበት ወጥ ለውሻ መርዝ ነው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ከእርድ የተጣለ ጉበትና ሳንባ እንዳያነሣም ተከላከሉ፤ ከዚያ የሚይዘው ትል ወደ ሰው ይተላለፋል። የትል መድኃኒቱን በየሦስት ወሩ ስጡት።

ቤት ስትደርሱ ውሻውን ለማጠብ ብላችሁ ሐይቁ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለበትና፤ በባልዲ ይታጠብ። የመዳፉን ጣቶች ከፍታችሁ እሾህና ጭጎጎት ፈልጉ። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሣሩ ስለሚረዝም ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱና ጭራው ሥር መዥገር አይጠፋም። ቤንዚን ወይም ጋዝ አትቀቡት። በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙት፣ ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ያወጣችሁትን በጥፍር አትጨፍልቁ፤ አልኮል ውስጥ ጨምሩትና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።