አዲስ ቲቪ ስትገዙ ጀርባውንም እዩ

አሮጌውን ቲቪ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። ስክሪኑማ ሱቅ ውስጥ የማያምር የለም፤ ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍተው ነው የሚያሳዩት።

ቤት ያለው ሪሲቨር በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ተጠንቀቁ። ብዙ አዳዲስ ቲቪዎች እነዚያ ሦስት ቀዳዳዎች የሏቸውም፤ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ያለው ሪሲቨር ልትጨምሩ ነው ማለት ነው። ወይም «ዲቪቢ-ኤስ2» (ቲቪው ውስጥ የተገጠመ የሳተላይት መቀበያ) ያለውን ቲቪ ምረጡ። የዲሹ ገመድ በቀጥታ ይሰካበታል፣ ነፃ ቻናሎችን ያለ ሪሲቨር ያሳያል። አንድ ሪሞት ከመፈለግም ተገላገላችሁ!

ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 55 ኢንች ወደ ጎን 122 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የብዙዎቹ እግሮች ደግሞ ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆኑ ቡፌው ላይበቃ ይችላል። ከሶፋው ያለው ርቀት 2 ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ፣ 43 ኢንች ይበቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ይከፈት። ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር ምስል አስደርጉ፤ ነጥብም ስንጥቅም ያኔ ይታያል። መኪና ላይ ሲጫን ደግሞ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይሁን።