«እግዚአብሔር ምን እያለኝ ነው?» ለምትሉ፦ መስማትን ከየት እንጀምር

ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን ድምፅ የምንፈልገው ሲጨንቀን ነው። ላግባት ወይስ ልተዋት? ዐረብ አገር ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቆይ? ያን ጊዜ ሱባኤ እንገባለን፣ ስለት እንሳላለን፣ ምልክት እንጠይቃለን። ክፋት የለውም። ግን ዓመቱን ሙሉ ያላዳመጥነውን ድምፅ በዚያች በተጨነቅንባት ሳምንት ከሌላው ጫጫታ መለየት ይከብዳል። መገናኛ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ ሁሉ በአንድ ላይ ይጮኻል፤ ወደ አያት ሰፈር የሚሄደው ሰው ግን «አያት! አያት!» የምትለዋን መርጦ ይሰማታል። ጆሮው ለምዷታል። የምጽፈው ስለዚህ ልምምድ ነው። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ የምጠቅሰው የምኖርበትን ሥርዓት ነው፣ ሌላ ቤተ እምነት ውስጥ ያላችሁም የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ የምትጠብቁትን አስተካክሉ። ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ላይ ሳለ ነፋስ አለፈ፣ ምድር ተናወጠች፣ እሳት መጣ፤ እግዚአብሔር ግን በአንዱም ውስጥ አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» ሆነ ይላል 1ኛ ነገሥት 19። ስለዚህ በጆሮ የሚሰማ ድምፅ ካልሰማሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ለአብዛኛው ሰው የሚመጣው አንድ ጥቅስ ከልብ አልወጣ ሲል ነው፣ ኅሊና ቆንጠጥ ሲያደርግ ነው፣ ወይም ሰው ሳያስበው በሚናገረው ቃል ነው።

ከሥር እስከ ጫፍ ያለውን ዕቅድም አትጠብቁ። ፊልጶስ ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ ሂድ ተባለ እንጂ ለምን እንደሚሄድ አልተነገረውም። ሄደ። መንገዱ ላይ የእኛው ሰው፣ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ቀጥሎ ወደ ሰረገላው ቅረብ ተባለ፤ ሮጦ ቀረበ። ሁለቴም የተነገረው የሚቀጥለው እርምጃ ብቻ ነው። ጃንደረባውን ደግሞ እዩት። መልአክ ታየው አይልም ሐዋርያት ሥራ 8። መጽሐፍ እያነበበ ነበር፣ ያልገባውን የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ብሎ ሰው ጠየቀ፣ በዚያ ሰማ። ለእኔና ለእናንተ የሚቀርበው የእርሱ መንገድ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ጠዋት ስልክ ከመንካታችሁ በፊት ጀምሩ። ይህችን አጥብቄ የምላት ናት፤ አንዴ ቴሌግራምና ቲክቶክ ከተከፈተ በኋላ ልብን መሰብሰብ በጣም ያስቸግራል። ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ተዉት። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ ከአልጋ አርቁት፣ ለመቀስቀሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። ተነሡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ አማትቡና ዳዊት ክፈቱ። በቤተ ክርስቲያናችን መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ተከፋፍሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። የለመዱት የዕለቱን ሙሉ ይደግማሉ። ለጀማሪ አንድ መዝሙር ይበቃል፣ ግን ድምፅ አውጥታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ጃንደረባውም ድምፁን አውጥቶ ባያነብ ፊልጶስ ምን ይሰማ ነበር?

አንድ ቃል ያዝ ካደረጋችሁ እዚያው ቁሙ። ለምሳሌ ሰኞ መዝሙር 4 ላይ ደረሳችሁ እንበል። ተቆጡ ግን አትበድሉ፣ በመኝታችሁ ሳላችሁ በልባችሁ አስቡ ይላል። ማታ ደግሞ በቤተሰብ ቤት ጉዳይ ለወንድማችሁ ረጅም የቁጣ መልእክት ጽፋችሁ፣ ሳትልኩት ተኝታችኋል። መልእክቱ አሁንም ስልካችሁ ላይ አለ። ያ ጥቅስ ገና ሳትጨርሱት መልእክቷን ካስታወሳችሁ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ? አጥፏትና ቀን ላይ ደውሉለት። ንዴታችሁ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አነጋገር መላኩ ግን አይሆንም ተብላችኋል።

ካነበባችሁ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ሁለት ደቂቃ ቀላል ይመስላል፤ የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ የአለቃ ፊት፣ ሁሉም ያኔ ይመጣል። አትታገሉት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ወይም ብላቴናው ሳሙኤል የተማራትን በሉ፦ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር። ልብ በሉ፣ ሳሙኤል በዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ ሲጠራ የጠራው ዔሊ መስሎት ወደ እርሱ ሮጧል። የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑ የገባው ለዔሊ ነው። ቤተ መቅደስ ውስጥ ያደገ ልጅ እንኳ ብቻውን አልለየውም፤ ሰው አስፈለገው።

ቀን ላይስ? ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ሲፈላ፣ ወረፋ ላይ፣ ሁሌ ጆሯችሁ ላይ ኢርፎን አይኑር። ክፍት ቦታ ተዉ። አንድ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ባሏ የሞተባት አክስቴ ትዝ አለችኝ። ምንም ምክንያት አልነበረም። ደወልኩ። መብራት ጠፍቶባት ሻማ አብርታ ብቻዋን ተቀምጣለች። «ከጠዋት ጀምሮ ሰው አላናገረኝም ልጄ፣ አንተ ነህ የመጀመሪያው» አለችኝ። ተራዬ እስኪደርስ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ አወራን። በቃ ይኸው ነው። እግዚአብሔር ተናገረኝ ብዬ ምስክርነት አልቆምበትም። ግን ሐሳቡ ፍቅር ነበረበት፣ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲህ ዓይነቱን ብዙ ሳትመረምሩ ወዲያው አድርጉት። ደውሉ፣ ወንበር ልቀቁ፣ ይቅርታ ጠይቁ። ጆሮ የሚለምደው በእነዚህ ነው።

ትልልቁ ነገር ላይ ግን ዝግ በሉ። ትዳር፣ ስደት፣ ሥራ መልቀቅ፣ ብድር። እዚህ ላይ መመርመር ግዴታ ነው፤ ዮሐንስም በመጀመሪያው መልእክቱ መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ይላል። ከቃሉ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ የሰው ትዳር አፍርስ፣ ወላጆችህን ጣል የሚል ድምፅ የእርሱ አይደለም። ፍሬውንም እዩ። ገላትያ 5 ላይ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት እያለ ይዘረዝራል። «አሁኑኑ! ዛሬ ካልሆነ አለቀልሽ» እያለ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ላይ ትዕግሥቱ የት አለ? ወቀሳም ሲመጣ እንዲሁ ነው። እግዚአብሔር ሲወቅስ ጥፋቱን ለይቶ ያሳያል፣ የንስሐውንም በር ይከፍታል። «አንተ ድሮም አትረባም» ብሎ በጅምላ የሚረግመውን አትቀበሉ። ድምፁ ሁልጊዜ ቀድሞ የፈለጋችሁትን ብቻ የሚነግራችሁ ከሆነም ጠርጥሩ።

ከዚያ የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ፣ ሙሉውን ንገሯቸው። ዐረብ አገር ለመሄድ ያሰበች እህት «አባቴ ልሂድ?» ብላ ብቻ ብትጠይቅ ምን ብለው ይመልሱላታል? ዕዳው ስንት ነው፣ ልጁ ከማን ጋር ይቀራል፣ ደላላው ማን ነው፣ ውሉ ላይ ምን ተጽፏል፣ ይህን ሁሉ ዘርዝሪላቸው። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማጣራትም የመስማት አንዱ ክፍል ነው። እግዚአብሔር በጸሎት ብቻ ሳይሆን ዓይናችን ሥር ባለው ወረቀትም ይናገራልና «ጸልያለሁ» ብሎ ወረቀት ሳያነቡ መፈረም ከባድ ነገር ነው።

ሰው መጥቶ «እግዚአብሔር ሚስቴ ነሽ ብሎኛል» ካለሽ መልሱ አጭር ነው፦ «ለእኔም ሲነግረኝ አሳውቅሃለሁ።» «ከእግዚአብሔር ነው» ያለውን መልእክት ነግሯችሁ ሲያበቃ ገንዘብ የሚጠይቃችሁንም፣ ለማንም አትናገሩ የሚላችሁንም አትስሙ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። እናንተ ወይም የቅርብ ሰው በጆሮ የሚሰማ ድምፅ ራስህን ጉዳ፣ አትብላ፣ ሰው ምታ እያለ ካስቸገረ፣ ወይም ለቀናት እንቅልፍ ካጣ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጠበሉን አትተዉ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ምንም የማይሰማበት ወቅትም ይመጣል። ሳሙኤል በተጠራበት ዘመን የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ እንደነበረ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ላይ ተጽፏል። ዳዊትም እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ አልቅሷል፤ በግእዙ ቁጥር መዝሙር 12 ነው፣ የሰኞው ድርሻ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ሌላ ጸሎት ካቃታችሁ እርሱን ድገሙ። ኤልያስን ደግሞ ወደ ኮሬብ ከመሄዱ በፊት መልአኩ ያደረገለት ከተኛበት ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ማቅረብ ነው። ሁለት ጊዜ። ደክሟችሁ ከሆነ መጀመሪያ ብሉና ተኙ።

ትንሽ ደብተር ግዙ። ማታ ሦስት ነገር ጻፉባት፦ ዛሬ የትኛው ቃል ያዘኝ፣ ምን አደረግኩበት፣ የቱን ሰምቼ ዝም አልኩ። ሁለት መስመር ከበቃች ሁለት መስመር ትሁን። በወሩ መጨረሻ ገልጣችሁ አንብቡት። በአንድ ቀን የበረደው ሐሳብ የቱ እንደሆነ፣ በተለያየ ሰውና በተለያየ ጥቅስ ደጋግሞ የመጣው የቱ እንደሆነ በእጅ ጽሑፋችሁ ታዩታላችሁ። የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ስትሄዱ ይዛችኋት የምትሄዱትም ያችን ደብተር ነው።