በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የጠጣን ልጅ አታስመልሱት
ልጅ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ሲጠጣ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ጣት ከትቶ ለማስመለስ ነው። ይሄ ጉዳቱን ያብሳል። በረኪናው ሲወርድ የለበለበውን ጉሮሮ ሲመለስም ይለበልበዋል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ይከፋል፤ በትውከቱ ጊዜ ጥቂቱ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል። ወተትም ማርከሻ አይደለም።

አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ የተነካውን ልብስ አውልቁለት። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ውሃ ሳታቋርጡ አፍስሱበት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፤ ምንም አታጠጡት። ደህና ቢመስልም ቶሎ ወደ ሐኪም፤ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ። ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ እንደጠጣ መጠየቃችሁ አይቀርም።

መነሻው ብዙ ጊዜ በውሃ ጠርሙስ የተገለበጠ ኬሚካል ነው። ነጭ ጋዝ በዓይን ከውሃ አይለይምና በራሱ ዕቃ ተቆልፎበት ይቀመጥ።