አዲስ ዓሣ ወደ አኳሪየም ስናስገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዓሣውን ያመጣነው ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሞቶ እናገኘዋለን። «ድሮም ደካማ ነበር» እንልና ሌላ እንገዛለን። እኔም ለረጅም ጊዜ የማስበው እንደዚያ ነበር። ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ስድስት ትናንሽ ዓሦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ሲያልቁብኝ ግን ወደ ኋላ ተመልሼ ምን እንዳደረግኩ ማጣራት ጀመርኩ። የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ማክሰኞ የሞተው ዓሣ ብዙ ጊዜ የተጎዳው ቅዳሜ ነው። በጉዳቱና በሞቱ መካከል ቀናት ስለሚያልፉ ሁለቱን አናገናኛቸውም። ስለዚህ ያንኑ ስህተት በሚቀጥለው ዓሣ ላይ እንደግመዋለን።

አኳሪየሙንና ዓሣውን በአንድ ቀን መግዛት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የእኔን ቴትራዎች የፈጀውም ይኸው ነው።

ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያስወጣል። ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ስንጥቡን፣ ማለትም የሚተነፍስበትን አካል፣ ያቃጥለዋል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ ይህን መርዝ የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች አሉ። በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ በስተቀር ያን ያህል አይጎዳም፤ በየጊዜው ከፊል ውሃ ስንቀይር ይቀንሳል።

አዲስ በተሞላ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም። በቂ ሆነው እስኪገኙ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የእኔ ውሃ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነበር፤ ያታለለኝም እሱ ነው። አሞኒያ ቀለም የለውም። ማረጋገጥ የሚቻለው በውሃ መመርመሪያ ኪት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፊልተሩንና ማሞቂያውን አስነሱ፤ ዓሣ ሳታስገቡ በየቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ። ምግቡ ሲበሰብስ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናቸዋል። በምርመራው ላይ መጀመሪያ አሞኒያ ከፍ ይላል። ቀጥሎ እሱ ይወርድና ናይትራይት ይወጣል። በመጨረሻ ሁለቱም 0 ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ አኳሪየሙ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ያገለገለ የፊልተር ስፖንጅ ለምኑት፤ ጊዜውን ያሳጥርላችኋል። ስፖንጁን በራሱ አኳሪየም ውሃ ነክራችሁ አምጡት። ከደረቀ ባክቴሪያው ይሞታል።

የቧንቧ ውሃን እንደወረደ መጠቀም

ክሎሪን ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ጀርም እንዲገድል ነው። አኳሪየም ውስጥ ሲገባም ሥራውን አያቆምም፤ ስንጥብ ይጎዳል፣ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ክሎሪን ብቻ ከሆነ ውሃውን በሰፊ ባልዲ ከፍቶ ለ24 ሰዓት ማሳደር ይጠቅማል፤ ይተናል። ክሎራሚን የሚባለው፣ ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። የትኛው እንዳለ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ የክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ተጠቀሙ። በዚሁ ምክንያት የፊልተሩን ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር አትጠቡት። ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃዋል።

ፌስታሉን ከፍቶ መገልበጥ

ዓሣ የራሱን ሙቀት አያመነጭም ማለት ይቻላል፤ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። አብዛኞቹ የሞቃት አካባቢ ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማቸዋል። በመንገድ ላይ የፌስታሉ ውሃ ወደ 20 ወርዶ ከሆነና በአንድ ጊዜ 26 ዲግሪ ውስጥ ብንገለብጠው፣ መላ ሰውነቱ በሰከንዶች ውስጥ ስድስት ዲግሪ ዘለለ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የአኳሪየሙን መብራት አጥፉ፤ ፌስታሉን እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፉት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ።

ሙቀቱ ከተመሳሰለ ሁሉም ተመሳሰለ ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ውሃና ውሃ ይለያያል። አንዱ አሲዳማ ነው፣ ሌላው አልካላይን። አንዱ ማዕድን የበዛበት ጠንካራ ውሃ ነው፣ ሌላው ለስላሳ።

ይህ ለምን ለዓሣው ትልቅ ጉዳይ እንደሚሆን ላስረዳ። ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ሰውነቱ በዙሪያው ካለው ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ በስንጥቡና በቆዳው በኩል ሳያቋርጥ ወደ ውስጡ ይሰርጋል። ኩላሊቱ ደግሞ ያንን ውሃ ሳያቋርጥ ያስወጣል። ዓሣው ይህን ሚዛን ከለመደው ውሃ ጋር አስተካክሎ ይዞታል። በድንገት የማዕድኑ መጠን በጣም የተለየ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሚዛኑ ይናጋል። ወዲያው ላይሞት ይችላል። አንድ ሁለት ቀን ጥግ ይዞ፣ ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ሰብስቦ፣ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ይቆይና ከዚያ ይሞታል። የማክሰኞው ሞት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

እኔ አሁን የምጠቀመው የጠብታ ዘዴ ነው። ዓሣውን ከነፌስታሉ ውሃ ንጹህ ባልዲ ውስጥ አደርጋለሁ። ለአየር ፓምፕ የሚያገለግለውን ቀጭን ቱቦ እወስድና አንዱን ጫፍ አኳሪየሙ ውስጥ እከታለሁ። መሃሉ ላይ ላላ ያለ ቋጠሮ እቋጥርበታለሁ። ባልዲውን ዝቅ አድርጌ ሌላውን ጫፍ በአፌ ትንሽ ስስበው ውሃው መውረድ ይጀምራል። ከዚያ ቋጠሮውን ጠበቅ ላላ እያደረግኩ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጠብታ እንዲወርድ አስተካክላለሁ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ የባልዲው ውሃ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ዓሣው በዚህ ጊዜ ተረጋግቶ ባልዲውን ዞር ዞር እያለ ሲቃኝ ታዩታላችሁ። ቱቦ ከሌላችሁ በየ5 ደቂቃው አንድ ትንሽ ኩባያ የአኳሪየም ውሃ መጨመርም ይሠራል። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ከዓሣ ይልቅ ለውጥ ስለሚጎዳቸው ለእነሱ ጊዜውን ረዘም አድርጉት።

ረጅም መንገድ የመጣን ዓሣም እንዲሁ ቀስ ብሎ ማላመድ

እዚህ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ተጠንቅቆ ዓሣውን ይጎዳዋል።

በታሰረ ፌስታል ውስጥ ዓሣው ይተነፍሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና የውሃውን ፒኤች ወደ ታች ያወርደዋል፤ ውሃው ወደ አሲድነት ያደላል። የሚያስወጣው አሞኒያም እዚያው ይከማቻል። ግን ፒኤቹ ስለወረደ አብዛኛው አሞኒያ አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል። አሞኒየም ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው። ዓሣው አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ በሕይወት የሚደርሰው አንድም በዚህ ነው።

ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ይወጣል። ፒኤቹ ከፍ ይላል። ከዚያ አሞኒየሙ ተመልሶ መርዘኛው አሞኒያ ይሆናል። እኛ «በደንብ ላላምደው» ብለን ለአንድ ሰዓት ስናንጠባጥብ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ውስጥ እየተመረዘ ነው።

ስለዚህ የጉዞውን ርዝመት ጠይቁ። ዓሣው ፌስታል ውስጥ የቆየው አንድ ሁለት ሰዓት ከሆነ የጠብታው ዘዴ ጥሩ ነው። አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፌስታሉ ሳይከፈት ሙቀቱን ብቻ አመሳስሉ። ከከፈታችሁ በኋላ ሳትዘገዩ አውጥታችሁ ወደ ንጹህ ውሃ አስገቡት። የላከው ሰው የውሃውን ፒኤችና ጥንካሬ ቀድሞ ከነገራችሁ ደግሞ የሚቀበለውን ውሃ በዚያ ልክ አዘጋጅታችሁ ጠብቁት። ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

የፌስታሉን ውሃ ወደ አኳሪየም መድፋት

ያ ውሃ አሞኒያ አለበት። ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ተጨምሮበት ከሆነም ሽሪምፖቻችሁን ይገድላል። ዓሣውን በመረብ አውጡና ውሃውን ድፉት። ኮሪዶራስንና ሌሎች እሾህ ያላቸውን ካትፊሾች ግን በመረብ አታውጡ። ሲፈሩ እሾሃቸውን ይገትሩታል፤ መረቡ ውስጥ ይሰካና ለማላቀቅ ስትታገሉ ትጎዷቸዋላችሁ። በኩባያ ቅዷቸው።

አዲሱን ቀጥታ ከነባሮቹ ጋር መቀላቀል

ዓሣ መሸጫ ቤት ውስጥ ጤነኛ የመሰለ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በጣም የተለመደው ኢክ፣ ወይም ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው ነው። ክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ዓሣው ሰውነቱን ጠጠር ላይ ያክካል። ተሕዋሱ ቆዳ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወድቃል፣ እዚያ ተባዝቶ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛል። መድኃኒት የሚያገኘው ይህን እየዋኘ ያለውን ብቻ ነው። አንዴ ጨምሮ መተው የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የተለየ ማቆያ ይኑራችሁ። ውድና ያማረ መሆን የለበትም። ንጹህ ፕላስቲክ ገንዳ፣ ቀደም ሲል ያገለገለ ስፖንጅ ፊልተር፣ ማሞቂያ፣ መሸሸጊያ የሚሆን ነገር በቂ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት እዚያ ይቆይ። መረቡም ባልዲውም የራሱ ይሁን። አንድ መረብ ሁለቱም ጋ ከገባ መለያየቱ ትርጉም የለውም።

ሁሉንም በአንዴ ማስገባት

ባክቴሪያዎቹ የሚበዙት ባላቸው ምግብ ልክ ነው። የአራት ዓሣ ቆሻሻ የለመደ ፊልተር ድንገት አሥራ ሁለት ቢጨመርበት አይችለውም። ጥቂት አስገቡ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ መርምሩ፣ ጨምሩ። እንደ ኒዮን ቴትራ በቡድን የሚኖሩትን ግን አንድ አንድ እያላችሁ አታምጡ። ከስድስት ባነሱ ቁጥር በፍርሃት ነው የሚኖሩት። ቡድኑን አንድ ላይ አስገቡና ቀጣዩን ዝርያ አዘግዩት።

የመጀመሪያው ምሽት

መብራቱ እስከ ማግስቱ ጠፍቶ ይደር። በመጀመሪያው ቀን ምግብ አትስጡ፤ የደነገጠ ዓሣ አይበላም፣ የተረፈው ውሃውን ያበላሻል። ክዳኑን ዝጉ፤ አዲስ ዓሣ ይዘላል። ነባሮቹ አካባቢያቸውን የሚያስከብሩ ሲክሊዶች ከሆኑ አዲሱ ከመግባቱ በፊት ድንጋዩንና እንጨቱን አዘዋውሩት። ያኔ ሁሉም ቦታውን እንደ አዲስ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ውሃውን በየቀኑ መርምሩ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከ0 በላይ ካሳየ፣ ሙቀቱ በተመሳሰለና ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ከ25 እስከ 50 በመቶውን ቀይሩ። በማግስቱም ደግማችሁ መርምሩ። ዓሣ ከሞተ ቶሎ አውጡትና ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን ፈትሹ። እኔ ስድስተኛውን ቴትራ ካወጣሁ በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የመረመርኩት። የአሞኒያ መመርመሪያው ፈሳሽ ቢጫ፣ ማለትም አሞኒያ የለም የሚለው ቀለም፣ መሆን ሲገባው ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። የሚቀጥሉትን ቴትራዎች ያስገባሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቢጫውን ለተከታታይ ሦስት ቀን ካየሁ በኋላ ነው።