አረጋውያንን ለማከም ነርስ ፕራክቲሽነርነት የምትማሩ፣ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ነርስ ሆናችሁ ስትሠሩ ከርማችሁ አሁን ደግሞ ነርስ ፕራክቲሽነር ልትሆኑ ነው። መርምራችሁ፣ በሽታውን ለይታችሁ፣ መድኃኒቱን ራሳችሁ ልታዙ ነው ማለት ነው። ያውም ለአረጋውያን። ጥሩ መርጣችኋል! ግን ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። እኔም ተሳስቼባቸዋለሁ፤ አሁን አብረውኝ ክሊኒካል (በሕሙማን ላይ የሚደረገውን የተግባር ልምምድ) የሚሠሩ ተማሪዎችም እዚያው ላይ ሲሰናከሉ አያለሁ። የምጽፈው የአሜሪካውን ሥርዓት ይዤ ነው፤ የተማርኩትም የምሠራውም እዚያ ስለሆነ።

የፕሮግራሙን ስም ብቻ አይቶ መመዝገብ

ድሮ የአዋቂዎች ነርስ ፕራክቲሽነርና የአረጋውያን ነርስ ፕራክቲሽነር ለየብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሙያው የጋራ ስምምነት ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አዋቂ የሚያክም ሁሉ አረጋውያንንም ይወቅ ነው። ግን ፕሮግራሙ ካልተጠነቀቀ የአረጋውያኑ ክፍል ጥቂት ሌክቸር ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሳትመዘገቡ ጠይቁ። ነርሲንግ ሆም (አረጋውያን እየኖሩ የሚታከሙበት ተቋም) ውስጥ ክሊኒካል አለ? ቤት ለቤት ጉብኝትስ? የሚያስተምሩት ሰዎች ዛሬም አረጋውያን ያክማሉ?

ሌላው ደግሞ ፕራይመሪ ኬር (የዘወትር ክትትል) እና አኪውት ኬር (በጠና የታመሙትን ማከም) የሚባሉት ሁለት መንገዶች ናቸው። ፈተናቸውም ሰርተፊኬታቸውም ይለያያል። አንዲት የማውቃት ልጅ ፕራይመሪ ኬር ጨርሳ፣ ፈተናውን አልፋ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ስታመለክት ይሄ ያንቺ ሰርተፊኬት አይደለም ተባለች። ዓመታት ከለፋች በኋላ እንደገና ትምህርት ቤት መግባት ነበረባት። መጀመሪያ ማንን ማከም እንደምትፈልጉ ወስኑ። ዓመት ሙሉ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል የምታደርጉላቸውን ሰዎች ነው ወይስ ዛሬ ሌሊት ነፍሳቸው አደጋ ላይ ያለውን?

ሰዓት መቁጠር

የክሊኒካል ዝቅተኛው ሰዓት ቀድሞ 500 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ብሔራዊ መስፈርት 750 አደረገው። ፕሪሴፕተር፣ ማለትም በሥራ ላይ ሆኖ ተማሪውን የሚያሠለጥን ባለሙያ፣ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሰው የሚጨነቀው ሰዓቱን ስለመሙላት ብቻ ነው። እንደዚያ ሆኖ አንድ ክሊኒክ ጥግ ቆሞ ሲያይ ይውላል። ማየት መማር አይደለም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ፕሪሴፕተራችሁን "እኔ ልግባ፣ ልመርምር፣ ከዚያ ምን እንዳሰብኩና ምን እንደማደርግ ልንገርህ" በሉት። ነርስ ሆናችሁ ትእዛዝ መጠበቅ ለምዳችኋል። ከዚያ ልማድ የሚያላቅቃችሁ "እኔ ብሆን ይሄን አዝዛለሁ" ብሎ ደፍሮ መናገርና መታረም ብቻ ነው። ፕሪሴፕተር ፍለጋውንም ቶሎ ጀምሩ፤ ሴሚስተሩ ሊጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረው በር ማንኳኳት አያዋጣም።

"እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ

ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል።

ወጣት ሰው ሳንባው ሲቆጣ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ ደረቱን ይወጋዋል። የ88 ዓመት አዛውንት ግን ምግብ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። በቃ፣ ምልክቱ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወይ ይወድቃሉ፣ ወይ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲመጣባቸውም ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል፤ ትንፋሽ ብቻ ያጥራቸዋል። ትኩሳታቸውም 39 ላይደርስ ይችላል፤ በነርሲንግ ሆም ላሉ አረጋውያን በአፍ ተለክቶ ከ37.8 በላይ ከሆነ እንደ ትኩሳት ቆጥራችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

ተማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ልጃቸው ይዟቸው መጣ። ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አይረብሹም፣ አይጮኹም። ፋይላቸው ላይ ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) የሚል ስላየሁ ዝምታቸውን ለዚያ ሰጠሁት። ፕሪሴፕተሬ ግን ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። "እንዲህ የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው?" "ከማክሰኞ" አለ። ዲሜንሺያ ከማክሰኞ አይጀምርም! ዴሊሪየም፣ ማለትም ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ነበር። በጥቂት ቀናት የመጣ፣ ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ፣ ምክንያት ያለው፣ ምክንያቱ ከተገኘ ሊሻል የሚችል። መነሻው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዲሰጣቸው የዋጡት ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የአለርጂ መድኃኒት፣ ዳይፈንሃይድራሚን ነበር።

ለዴሊሪየም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ካም የሚባል መለያ አለ፤ በቃላችሁ ያዙት። በድንገት መጥቶ ይለዋወጣል? ሐሳባቸውን መሰብሰብ አቅቷቸዋል? እነዚህ ሁለቱ የግድ ናቸው። ከነሱ ጋር ወይ ንግግራቸው የተዘበራረቀ፣ ወይ ንቃታቸው የተለወጠ ከሆነ ዴሊሪየም ነው ማለት ይቻላል። ሐሳብ መሰብሰባቸውን ለማየት የሳምንቱን ቀናት ከኋላ ወደ ፊት እንዲቆጥሩ ጠይቋቸው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያመልጠን ደግሞ የሚጮኸው ሰው አይደለም፤ እንደኚያ እናት ዝም ያለው ነው።

እዚሁ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ሰውየው ግራ ገባቸው፣ ሽንት ተመረመረ፣ ባክቴሪያ ተገኘ፣ አንቲባዮቲክ ተሰጠ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ብዙ አረጋውያን፣ በተለይ ነርሲንግ ሆም ያሉት፣ ሳይታመሙም ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ሲሸኑ ካላቃጠላቸው፣ ትኩሳት ከሌላቸው፣ ሌላ የኢንፌክሽን ምልክት ካላያችሁ ሽንቱን ትታችሁ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። የሰውነት ውሃ ማነስ ነው? የሆድ ድርቀት ነው? አዲስ መድኃኒት ነው? የመስሚያ መሣሪያቸው ባትሪ ጨርሷል?

በመድኃኒት ላይ መድኃኒት መደረብ

የማዘዝ ሥልጣን ስታገኙ እጃችሁ ማዘዝ ያምረዋል። እውነቴን ነው። ግን አረጋውያን ዘንድ ትልቁ ሙያ መቀነስ ነው።

እንዲህ ሆኖ ይመጣል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ይታዘዛል። እግር ያብጣል። እብጠቱን እንደ አዲስ በሽታ አይቶ አንዱ ፉሮሰማይድ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት ያዛል። ሽንት ይበዛል፣ ያመልጣቸዋል። ሌላው ለሽንቱ ኦክሲቡቲኒን ይጨምራል። አሁን አፋቸው ይደርቃል፣ ሆዳቸው ይደርቃል፣ ነገር መርሳት ይጀምራሉ። ከዚያ ለመርሳቱ መድኃኒት ይፈለጋል። ሁሉም ሐኪም በቅንነት ነው ያደረገው፤ ግን ማንም ወደ መጀመሪያው ክኒን አልተመለሰም። አዲስ ምልክት ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ይሄን ያመጣው የቱ መድኃኒት ይሆን?" ይሁን። ያሉትን ክኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው፤ ያለ ማዘዣ የገዙትንም፣ ከጎረቤት የተቀበሉትንም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋችሁ አንድ በአንድ "ይሄኛው ለምንድን ነው?" በሉ። ቢርስ የሚባለው ለአረጋውያን የማይመቹ መድኃኒቶች ዝርዝር መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የ2023ቱን እትም ስልካችሁ ላይ አድርጉት። ስትቀንሱም በአንዴ አይሁን። ለዓመታት የተዋጠ እንደ ሎራዜፓም ያለ ማረጋጊያ ቀስ እየተባለ እንጂ በድንገት አይቆምም።

ኩላሊትን ደግሞ ላብራቶሪው ባሳየው ቁጥር ብቻ አትመኑ። ክሬያቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) 1.0 ሲመጣ "ኖርማል ነው" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ቁጥሩን እስቲ በኮክሮፍትና ጎልት ቀመር እናስላው። 75 ኪሎ የሚመዝን የ30 ዓመት ወንድ ላይ 1.0 ማለት ኩላሊቱ በደቂቃ ወደ 115 ሚሊ ሊትር ያጣራል ማለት ነው። 45 ኪሎ የሚመዝኑ የ85 ዓመት እናት ላይ ግን ያው 1.0 ወደ 29 ይወርዳል። ጡንቻቸው ስለሳሳ የሚያመርቱት ክሬያቲኒን ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ይመስላል። አንቲባዮቲክ ይሁን እንደ ጋባፔንቲን ያለ የነርቭ ሕመም መድኃኒት፣ በኩላሊት የሚወጣ መድኃኒት ከሆነ መጠኑን ሳታሰሉ አትዘዙ።

ልጃቸውን ማናገር

ልጅ አብሮ ሲገባ ዓይናችሁ ወደ ልጁ ይሄዳል። ቶሎ ይመልሳል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ጊዜ ይቆጥባል። አዛውንቱ ስለ ራሳቸው ሲወራ ዝም ብለው ይሰማሉ። ልጁን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ከላይ እንዳያችሁት ሕይወት ያድናል፤ ግን መጀመሪያ ለራሳቸው ዕድል ስጧቸው። ከፊታቸው ቁጭ በሉ፣ ከንፈራችሁን እንዲያዩ አድርጉ፣ አትጩኹ፣ እንደ ሕፃን አታባብሏቸው። ከዚያም "አሁን ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ምንድን ነው?" በሏቸው። አንድ አባት ይሄን ስጠይቃቸው ስለ ስኳራቸው ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ "ያለ ሰው እርዳታ ሽንት ቤት መሄድ" አሉኝ። ዕቅዳችን ሁሉ ከዚያ ተነሥቶ ተቀየረ። የስኳራቸውን ግብ አላላነው፣ ፊዚዮቴራፒ ጀመሩ፣ ሌሊት የሚያስነሣቸውን የሽንት መድኃኒት ጠዋት እንዲወስዱት አደረግን።

ተቀምጠው ብቻ መመርመር

በዊልቸር ገብተው፣ ወንበር ላይ ተመርምረው፣ በዊልቸር ከወጡ መራመድ መቻላቸውን በምን ታውቃላችሁ? ሲራመዱ እዩዋቸው። ከወንበር ይነሡ፣ 3 ሜትር ይሂዱ፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው ለመውደቅ የተጋለጡ ናቸው። እግረ መንገዳችሁን ጫማቸውን እዩ፣ ሲነሡ ወንበሩን ይደገፋሉ ወይ እዩ፣ ሲዞሩ ይንገዳገዳሉ ወይ እዩ። ግፊታቸውንም 5 ደቂቃ ካስተኛችኋቸው በኋላ ለኩ፣ ከዚያ አቁማችሁ በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ድገሙት። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ "አልፎ አልፎ ያዞረኛል" ያሉት ነገር አንዱ ምክንያት ተገኝቷል ማለት ነው። ብቻ ሲቆሙ አጠገባቸው ሁኑ፣ እጃችሁንም ከጀርባቸው አታርቁ።