ፓኬጁ ትልቅ፣ ክቡ ግን ይሽከረከራል፦ ዳታ የሚያዘገዩ ስህተቶች

ዳታ ሲንቀራፈፍ የብዙዎቻችን እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፓኬጅ ነው። ትልቁን እንገዛለን። ብሩ ይወጣል፤ ያ የሚሽከረከር ክብ ግን አይቆምም። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹም ብዙ ጊዜ የሚወለዱት ከዚሁ ነው።

ፓኬጅ የሚሸጥላችሁ የዳታ መጠን ነው። መዘግየት ግን አንዲት ትንሽ ፓኬት፣ ማለትም ቁራጭ ዳታ፣ ከስልካችሁ ወጥታ፣ ሰርቨሩ (መልስ የሚሰጠው ኮምፒውተር) ጋ ደርሳ፣ መልሷ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ቆማችሁ ለጤፍ ነጋዴ በስልክ ገንዘብ ስትልኩ የሚሄደው ዳታ ከአንድ ፎቶ በጣም ያንሳል። የሚያስጠብቃችሁ ምልልሱ ነው። ስልኩ መጀመሪያ የሰርቨሩን አድራሻ ይጠይቃል። ቀጥሎ ግንኙነት ይከፍታል። ከዚያ የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣል። ዋናው ጥያቄ ገና ሳይሄድ ሦስት አራት ደርሶ መልስ ያልቃል። አንዱ ደርሶ መልስ 50 ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ከሆነ ማንም አያስተውለውም። 500 ከሆነ ግን እስከ ሁለት ሰከንድ በከንቱ ሄደ።

«ጎጃም ሩቅ ስለሆነ ነው» ማለት

ይሄን ስሰማ ትንሽ ያናድደኛል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ደግሞ በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አውቶቡስ የዓባይን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ የሚያየው ስቃይ ለብርሃን የለም፤ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ባሕር ዳር ድረስ ቢቀጥል 3 ገደማ ነው። ርቀት የሚያሳስበው ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሲሆን ነው። የኬብሉ መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 100 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ ይሄን ማንም ባለሙያ አያሳጥረውም። ከዚያ በላይ የሚመጣውን መዘግየት ግን ቅርብ ፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከስልካችሁ እስከ ኔትወርክ ማማው ባለው አየር ላይና በወረፋ ውስጥ ነው።

አንድ ሰው መስመሩን ሲይዘው ዝም ማለት

ለኢንተርኔት ካፌ፣ ለትንሽ ቢሮና ሲም በሚያስገባ ራውተር ለሚጠቀም ሁሉ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ እየተጫነ ነው፣ ወይም የአንዱ ስልክ ፎቶዎቹን በራሱ ጊዜ ወደ ክላውድ እየላከ ነው። የሌሎቻችሁ ሁሉ ይቆማል።

የገበያ ቀን ወፍጮ ቤት አስቡ። ከፊታችሁ ያለው ሰው አሥር ኩንታል አስደርድሯል። እናንተ የያዛችሁት አንድ ቁና ነው። ወፍጮው የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የእናንተ ቁና ኩንታሎቹ ሁሉ እስኪያልቁ ይጠብቃል።

ራውተሩም ማማውም ገና ያልተላከ ዳታ የሚያቆዩበት ማከማቻ አላቸው፤ ባፈር ይባላል። አምራቾች አንድም ፓኬት እንዳይጠፋ ብለው ባፈሩን አተለቁት። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በኢንተርኔት ላይ ላኪው ኮምፒውተር በአብዛኛው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋበት ነው። ባፈሩ ትልቅ ከሆነ ቶሎ የሚጠፋ የለም፣ ላኪውም አይቀንስም፣ ወረፋው እስከ ሰከንዶች ይረዝማል። ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ ይህን ችግር ቤቱ ውስጥ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ባፈርብሎት አለው። በ2012 ደግሞ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን የተባሉ ባለሙያዎች ኮደል የሚባል መፍትሔ ይዘው መጡ። ኮደል የወረፋውን ርዝመት አይቆጥርም፤ ፓኬቷ ስንት ጊዜ እንደጠበቀች ነው የሚያየው። ጥበቃው ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊ ሰከንድ ሳይወርድ ከቀጠለ፣ ፓኬት እየጣለ ላኪውን ቀንስ ይለዋል። ፓኬት መጣል ነውር የሚመስላቸው የኔትወርክ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ።

እናንተስ? ራውተራችሁ ኤስኪውኤም (SQM) ወይም ኪውኦኤስ (QoS) የሚል፣ ወረፋውን የሚቆጣጠር ማስተካከያ ካለው ክፈቱት። ከዚያ የመላኪያውንም የማውረጃውንም የፍጥነት ገደብ መስመሩ ከሚችለው ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ወረፋው ያኔ ከማማው ወደ እናንተ ራውተር ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ አዛዡ እናንተ ናችሁ። አንድ ጥንቃቄ አለ። የሲም መስመር አቅም በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ሌሊት ለክታችሁ ገደብ አታስቀምጡ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ለኩ። ራውተሩ ይህ ሁሉ ከሌለው የፎቶ መላኩንና የአፕ ማደሱን ወደ ሌሊት መግፋት ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

በፍጥነት መለኪያ አፕ ስትለኩም ትልቁን የማውረጃ ቁጥር ብቻ አትዩ። ፒንግ የሚለውን፣ ማለትም የደርሶ መልሱን ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተመልከቱ፦ መስመሩ ባዶ ሲሆንና ሌላ ሰው ፋይል እያወረደ ሳለ። 40 ሚሊ ሰከንድ የነበረው 900 ከሆነ በሽታው ወረፋ ነው፣ ፓኬጅ አያድነውም።

ስልክን 3ጂ ላይ ማሰር

«ባትሪ ይቆጥባል»፣ «መስመሩ ሙሉ ያሳያል» ብለው የሚያስሩት አሉ። ችግሩ የስልኩ ሬዲዮ (ከማማው ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ዳታ ሳይኖር ቶሎ መተኛቱ ነው። ከእንቅልፉ ነቅቶ መስመር ለመያዝ በ3ጂ ሁለት ሰከንድ ገደማ ሊፈጅበት ይችላል፤ በ4ጂ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነው።

በ2ጂ ዘመንማ የባሰ ነበር። ጂፒአርኤስ የሚባለው የ2ጂ ዳታ አሠራር መስመሩን የሚሰጠው በጊዜያዊነት ነው። ዳታው እንዳለቀ መስመሩ ይነጠቅና፣ ቀጣዩ ዳታ ሲመጣ ልመናው እንደገና ይጀመራል። መሐንዲሶቹ ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው፦ ዳታው ቢያልቅም መስመሩን ትንሽ አቆይቶ መልቀቅ። ደግሞ በጂፒአርኤስ በአየር ላይ ባንዴ የሚላከው አንድ የዳታ ቁራጭ 20 ሚሊ ሰከንድ ይረዝም ነበር፤ በ4ጂ 1 ሚሊ ሰከንድ ሆነ። የተበላሸ ቁራጭም በ8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ተመልሶ ይላካል።

አፕ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ከዚህ የእናንተም ድርሻ አለ። ዳታ በየጥቂት ሰከንዱ እየቆነጠራችሁ አትላኩ። ሰብስባችሁ አንድ ጊዜ ላኩ። ስልኩ በየጊዜው ከመንቃት ይድናል፣ ባትሪውም ያመሰግናችኋል።

በሲግናል መስመሮቹ መታለል

አራቱም መስመር ሙሉ ሆኖ ዳታ አይሄድም። ይሆናል። መስመሮቹ የሚያሳዩት የሞገዱን ጉልበት እንጂ ንጽሕናውን ወይም ማማውን ስንት ሰው እንደተጋራው አይደለም። ንጽሕናው ሲጓደል ፓኬቶች ይበላሻሉ፣ ይደገማሉ፣ መዘግየት ይሆናሉ።

ቆርቆሮ ሞገድ ይመልሳል። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ውስጥ ራውተሩን ጓዳ መደበቅ ራስን መቅጣት ነው፤ ወደ ማማው በሚያይ መስኮት አጠገብ አድርጉት። ከፍታ ሁሌ ይሻላል የሚለውም እውነት አይደለም። በጮቄ ተዳፋት ላይ ኮረብታ ጫፍ ብትወጡ ስልኩ የሩቅ ማማዎችን ሁሉ ባንዴ ሊሰማ ይችላል፤ እነሱም እርስ በርስ ይረባበሻሉ። አንዳንዴ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ማማ ብቻ የሚታይበት ቦታ ይበልጣል።

ዋይፋዩን መርሳት

ጥፋቱ የሲሙ ላይሆን ይችላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ባንድ ረድፍ ያሉ ሱቆች ሁሉ አንዱ ላይ ከተከመሩ ይሻማሉ። ራውተሩ ቅርብ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ተጠቀሙ። ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ የሚደግም መሣሪያ) መደርደር ደግሞ እያንዳንዱን ፓኬት በዚያው አየር ላይ ሁለቴ ማስጮህ ነው።

ቪፒኤን ክፍት ትቶ መሄድ

ቪፒኤን ዳታችሁን ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያዞር አፕ ነው። ለአንድ ጉዳይ ይከፈትና ይረሳል። ከዚያ ቡሬ ያለ ሰው አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ሲጠይቅ ፓኬቷ መጀመሪያ የቪፒኤኑ ሰርቨር ወዳለበት፣ ለምሳሌ አውሮፓ፣ ትሄዳለች፣ ከአውሮፓ አዲስ አበባ ትመጣለች፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይዞራል። የባንክ አፕ ዘገየ ብላችሁ ከመማረራችሁ በፊት ስልኩ አናት ላይ ያቺን የቁልፍ ምልክት ፈልጉ። ካለች አጥፏት።