ኖርማል ማፕ ሲገለበጥባችሁ አረንጓዴውን እዩት

ጌም አርት ለምትማሩ፦ ብሌንደር (የ3ዲ ሞዴል መሥሪያው ሶፍትዌር) ላይ ያማረው ሞዴል አንሪል ኢንጂን (ጌም መሥሪያው) ውስጥ ሲገባ እብጠቱ ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳው እብጠት መስሎ ከታያችሁ ሥራውን እንደ አዲስ ለመጀመር አትቸኩሉ። ሞዴሉ ላይ እብጠትና ጎድጓዳ የሚያስመስለውን ምስል፣ ማለትም የኖርማል ማፑን፣ አረንጓዴ ቻናል (የአረንጓዴ ቀለም ክፍሉን) ብቻ ገልብጡት። አንሪል ውስጥ ቴክስቸሩን (የኖርማል ማፑን ምስል) ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ክፈቱና «ፍሊፕ ግሪን ቻናል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ሴቭ፣ አለቀ።

ለምን? ኖርማል ማፕ ፎቶ አይደለም። የገጹ እያንዳንዱ ነጥብ ወዴት እንደዞረ ለብርሃኑ የሚናገር መረጃ ነው። ቀዩ ቻናል ግራና ቀኙን፣ አረንጓዴው ላይና ታቹን ይይዛል። ብሌንደርና ዩኒቲ (ሌላው ጌም መሥሪያ) ኦፕንጂኤል የሚባለውን የግራፊክስ ሥርዓት አሠራር ይከተላሉ፤ አንሪል ደግሞ ዳይሬክትኤክስ የሚባለውን። ሁለቱ የማይስማሙት «ላይ» የቱ ነው በሚለው ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ አንድ መብራት ከላይ አብሩና ወጣ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የብሎን ጭንቅላት፣ ተመልከቱ። የላይኛው ጠርዝ ጨልሞ የታችኛው ከበራ ተገልብጧል። ጡብና ድንጋይ ላይ ዓይን በቀላሉ ይሸወዳል፣ በእሱ አትፈትሹ። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ከሆነ ደግሞ የፋይሉን ስም እዩ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ጂኤል» ወይም «ዲኤክስ» የሚል አለ።

ችግሩ የሞዴሉ ግማሽ ላይ ብቻ ከታየ ግን ይህን አትንኩት። ያኔ ጥፋቱ ከዩቪው (ምስሉ ሞዴሉ ላይ ከሚዘረጋበት ካርታ) ሊሆን ይችላል፤ አረንጓዴውን ብትገለብጡት ደህና የነበረው ግማሽ ይበላሽባችኋል። እዚያው ብሌንደር ውስጥ ብርሃኑ የተዛባ ከሆነም መጀመሪያ የምስሉ ከለር ስፔስ «ነን-ከለር» (ምስሉ እንደ ቀለም ሳይሆን እንደ መረጃ እንዲነበብ የሚያደርገው ምርጫ) መሆኑን እዩ።